የታመመ ኮምፒውተር ጥየቃ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የሐሴት ኮምፒውተር «እንደምን» ብሎ ጀመረና «አደሩ» ሳይል ድርግም አለ። እሷም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ማብሪያውን ተጭና ጠበቀች። ተነሳ፣ «እንደምን» አለ፣ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜም «እንደምን» ብሎ ቀረ። አራተኛው ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችው። ለዚህ ለዚህ እንኳ ነቃ አለ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለና መልሶ ሞተ።

እንግዲህ ዘመኑ 2081 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ኮዬ ፈጬ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጨዋ መሣሪያዎች ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ አንድ ታላቅ ነገር ደርሶበታል። ኮምፒውተር በትልቅ ሰው ፊት «ስህተት» የሚል ጽሑፍ ማውጣቱ ስድብ ነው አለ። ስብሰባ ተደረገ፣ የታሸገ ውሃ ተጠጣ፣ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ያለ የቤት ኮምፒውተር ባለቤቱን «ተሳስተዋል» አይልም፤ ራሱም «አሞኛል» አይልም። ጢሱ እየወጣም ደህና ነው። ጉበቱ አልቆ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና፣ ተመስገን» እንደሚለው ሁሉ፣ ዕቃውንም እንደኛው አደረጉልን። ለዚህም የተሸለመ ሰው አለ።

ሐሴት ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ኮምፒውተር ጠግናለች፤ ያውም ዕቃው ሕመሙን ፊት ለፊት በሚናገርበት ዘመን። ደንቡ ሲወጣ ሣጥኑን መክፈት ነውር ሆነ፣ ማኅተም ተደረገበት፣ ሙያዋን ውሃ በላው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ሞኝ መስሎ ይታያታል። ብዙም አልተሳሳተች።

ኮምፒውተሩ ባይነሳ ዜናው ቢቀርባት፣ በሩን በቁልፍ ብትከፍት፣ ምድጃውን በእጇ ብትለኩስ ግድ አልነበራትም። ነገር ግን ኪሩቤል አለ። ኪሩቤል ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ተቆጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ከሰመራ ወዲያ ባለ የፀሐይ ማሳ ላይ፣ ዓይን እስኪታክት ከተዘረጋው መስተዋት ላይ አቧራ እያጠበ ይኖራል። በየእሁዱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላል። ስልክ የሚባለው ዕቃ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው የሚደወልለት በቤቱ ኮምፒውተር ነው።

ባለፈው እሁድ ደውሎ ሙቀቱን እንዳልቻለው ነገራት። ቀጥሎ እየሳቀ፣ «ሐሲ፣ አንቺ ጋ ልምጣ እንዴ?» አላት።

«አስብበታለሁ» አለችው።

ምን ታድርግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን የኖረች ሴት ናት። ኪሩቤል ያንኮራፋል፣ እየበላ ያወራል፣ ፎጣ ሰቅሎ አያውቅም። «እንግዲህ የሁለት ዓመቱን ውል የምፈርመው በሚቀጥለው እሁድ ማታ ነው፤ ከዚያ በፊት ንገሪኝ» ብሏት ዘጋ። ሰኞ ጠዋት ስትነሳ ግን ነገሩ ልቧ ውስጥ አልቆ አደረ። ዕቃ ቤቱን አስለቅቃ ጠረገች፣ ፍራሽ አስመጣች፣ አዲስ አንሶላ አነጠፈች። ታዲያ ለምን ወዲያው አትደውልም? ደውላ «ና» ብትለው ዕድሜ ልኩን «ለምናኝ ነው የመጣሁት» እያለ ሊመጻደቅባት ነው። እሁድ ራሱ ይደውል የለ፤ በወሬ መሀል እንደ ዋዛ ጣል ታደርግለታለች። እንዲህ ብላ ሰኞን ዋለች። ማክሰኞ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።

ስለዚህ እስከ እሁድ ሦስት ሰዓት የግድ መነሳት አለበት። ኪሩቤል ደውሎ መልስ ካጣ አልፈለገችኝም ብሎ ውሉን ይፈርማል። ኩሩ ነው፤ የማን ወንድም ሆነና።

ማክሰኞውኑ ምድር ቤት ወዳለው የእርዳታ መስኮት ወረደች። መስኮት ይባል እንጂ ከጀርባው ሰው የለም፤ የሴት ድምፅ ብቻ አለ፣ ማር የተቀባ።

«ኮምፒውተሬ አይነሳም» አለች ሐሴት።

«እናዝናለን። ጠይቀነው ነበር፤ ደህና ነኝ ብሏል።»

«የማይነሳን ነገር እንዴት አድርጋችሁ ጠየቃችሁት?»

«አነጋገሩ መልካም ነበር። እባክዎ አጥፍተው ያብሩት።»

«አርባ ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ።»

«ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን። ለቀሪው ጉዳይ ዛሬ ሲስተም ስለሌለ ነገ ይመለሱ።»

ሐሴት ከአራስነቷ ጀምሮ የምትሰማው ይህንኑ ነው። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲስተም የለም። የት እንደሄደ የጠየቀ፣ ሄዶም የፈለገው ሰው የለም። በደረጃው ወጣች፤ አሳንሰሩም ደህና ነኝ ካለ ሦስት ወሩ ነበር።

ረቡዕ ጥየቃው ተጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው ፊት ለፊት የምትኖረው ቢታንያ ናት፤ ሰባ ያለፋት፣ ልቧ ደግ፣ አፏ የማይዘጋ መበለት። በፌስታል ብርቱካን ይዛለች።

«እንዳልተሻለው ሰምቼ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ።»

ሐሴት ፌስታሉን አየችና ቢታንያን አየች። ለኮምፒውተር ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው ለማየት ያበቃትን አምላክ በሆዷ ረገመችው። ቢታንያ ጎንበስ ብላ ማብሪያውን ነካችና፣ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለና ድርግም አለ። «ይኸው፣ ደህና ነኝ ይላል» አለች ቢታንያ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች። ከዚያ ወደ ሐሴት ዞረች። «አንቺ ግን በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ትንሽ ጨምሪ እስቲ። ሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ባዶ ሆዱን መሆን የለበትም።»

«እንዴት ባለው ጊዜ?»

ቢታንያ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረች። «ዕቃ ሲያምበት» አለች።

ሐሴት በሰው ቤት ዕቃ መጠቀም ሞቷ ነው፤ ግን ጉዳዩ የኪሩቤል ነውና ዋጥ አድርጋው ጠየቀች። «ካንቺ ቤት ለኪሩቤል ልደውልለት?»

«የእኔም እኮ ከትናንት ጀምሮ አልደላውም» አለች ቢታንያ፣ ዓይኗን ከልጣጩ ሳታነሳ።

ሐሴት ጆሮዋ ጤነኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የቢታንያ ኮምፒውተር ደረጃው ድረስ የሚሰማ ድራማ ሲተርክ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ጸሎት አድርሶ ለአንድ ጥሪ መስገብገብ እንዴት ያለ ነገር ነው ብላ ታዘበቻት። የላጠችላትን ብርቱካን ግን በላች፤ እሷ ሳትውጥ ቢታንያ ፍንክች የምትል አልነበረችም።

ሐሙስ ደግሞ ጋሽ ያፌት መጡ። የሕንፃው እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው ዛሬም ደጃፉን ይሞላል። አብረዋቸው የዘጠነኛ ፎቁ አቶ ዮአብ አሉ፤ እሳቸው ጋሽ ያፌት የተናገሩትን በመድገም የሚታወቁ ሰው ናቸው። ሁለቱም ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጫማቸውን እያዩ ቆዩ።

«እግዜር ያመጣውን መቀበል ነው» አሉ ጋሽ ያፌት።

«መቀበል ነው» አሉ አቶ ዮአብ።

«ምኑን?» አለች ሐሴት። «የኃይል ገመድ ወይ ሚሞሪ ይሆናል እኮ። ማን ቤት ለቅሶ የሄዳችሁ መሰላችሁ?»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አቶ ዮአብ ነገር ለማስቀየስ ኮምፒውተሩን መረመሩና፣ «ምች መቶት ይሆናል፤ መስኮቱ አጠገብ ነው ያለው» አሉ።

«ዳማከሴ ልቀባው?»

አቶ ዮአብ ምር ብለው አሰቡበት። «አይጎዳውም» አሉ።

ሐሴት ለሳቅ ቀርቶ ለቁጣም አቅም አጣች። ጋሽ ያፌት ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ጅማ ያለው የአጎትሽ ልጅ፣ ስሙ ማን ነበር፣ አድራሻው የት ነው?»

«ለምኑ ነው የሚፈልጉት?»

«ኮምፒውተር ያውቃል ሲሉ ሰምቼ።»

«እሱ የሚያውቀው ላም ነው፣ ጋሽ ያፌት።»

«ቢሆንም» አሉና አድራሻውን ተቀብለው ወጡ። ሐሴት በሩን ዘግታ፣ አርጅተው ናላቸው ዞሯል ብላ ደመደመች። ሕንፃው እንዳለ ናላው ዞሯል። የሃያ ስድስት ዓመት ባለሙያ ተቀምጣ የምች መድኃኒት የሚመክር አገር።

ዓርብ ሥራዬ ብላ ተነሳች። ብልሽት ፍለጋ ቅደም ተከተል ነው፤ ይህን ለስንቱ ተማሪ አስተምራለች። መጀመሪያ ዳንቴሉን ገፈፈች። ዳንቴሉ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚታደል ነው፤ ባለሥልጣኑ ዕርቃኑን የተቀመጠ ዕቃ አይወድም። ጥልፉ ማናፈሻውን ግጥም አድርጎ ደፍኖት፣ ከሥሩ የአሥራ ሁለት ዓመት አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቷል። እሰይ፣ አገኘሁት አለች። ጠረገች፣ አስነሳች። «እንደምን» አለ፣ ጠፋ። ሶኬት ቀየረች፤ እዚያው ላይ ጠፋ። ገመድ ቀየረች፤ እዚያው። ቀዝቃዛ ሳለም፣ ሞቆም፣ ቆይቶም ሞከረችው። እዚያው።

ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ረጋ ብላ አሰበች። የተበላሸ ዕቃ እንዳመጣለት ነው የሚሞተው፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። ይሄ ግን በአራት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቦታ አልሳተም። ሁልጊዜ ሰላምታው ላይ፣ «አደሩ» ሳይል ነው የሚጠፋው። ይህ ብልሽት አይደለም። አጥፋ ያለው አለ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ማኅተሙን ቆረጠችው። ይህ የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ ይጠይቋት። ከአልጋዋ ሥር የድሮ ኪቦርድና አንድ ትንሽ ስክሪን አወጣች፣ ሽቦውን ከሆዱ ጋር አገናኘች፣ ሲነሳ የሚሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈተች። ጨዋነት የሚባለው ሽፋን እዚህ ድረስ አይወርድም፤ መዝገቡ እንደ ጥንቱ ደረቅ ነው። ልቧ ሞቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እውነት የሚናገር ነገር አላየችም ነበር።

ኤሌክትሪክ፣ አለ። ሚሞሪ፣ ይሠራል። ማናፈሻ፣ ይሠራል። ሰዓት፣ ትክክል። እንዲህ እያለ ወረደ፤ አንድም እንከን የለበትም። ሰላምታ፣ ተጀመረ። የቆየ መልእክት ማድረስ፣ ተከልክሏል። አጥፋ።

ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ከፈተች።

የመልእክቱ ዓይነት፣ መርዶ። የደረሰው ሰኞ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት። ለጎረቤት ኮምፒውተሮች ተነግሯል። ባለቤትን ለማርዳት፣ ትልቅ ሰው ሦስት፣ ዘመድ አንድ፣ ሰዓት ንጋት። አልተሟላም። እስኪሟላ ከባለቤት ፊት ዘወር በል። በባለቤት በኩል ወደ ሟች እንዳይደወል ጎረቤትን አሳስብ።

የሟቹ ስም ተሸፍኗል። ምን ያደርጋል መሸፈኑ፤ ሐሴት በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንድ ሰው ነው። ዝርዝሩን ደግማ አነበበችው፤ ሦስተኛ ልታነበው ስትል ፊደሉ አልታይ አላት። ኪሩዬ፣ አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ። ሽቦው መሀል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ያነሳት ቁጣ ነው። ብርቱካኑ ገባት። «በልተሻል ወይ» ገባት። ሶፋው ላይ ተደርድረው ጫማቸውን ማየታቸው፣ የጅማው አድራሻ፣ ሁሉም ገባት። አምስት ቀን ሙሉ ሕንፃው እንዳለ የወንድሟን ሞት አፉ ውስጥ ይዞ፣ እየመጣ ከንፈሩን ለኮምፒውተር ሲመጥላት ሰነበተ። እሷም ሞኞች ስትላቸው ሰነበተች። እነሱ ዘመድ ይጠብቃሉ፣ ኮምፒውተሩ እነሱን ይጠብቃል፣ ሁሉም ጨዋ ነው።

የጎደለውን ማሟላት ሙያዋ ነበር። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካከለች። ግድግዳው ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የኮምፒውተሩን ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ አደረገችው፤ ዘመድ በሚለው ላይም የራሷን ስም ጻፈች። ከዚያ ወጥታ የቢታንያን በር አንኳኳች።

«ቢታንያ፣ ነይ። ኮምፒውተሬ ትልቅ ሰው ይፈልጋል።»

ቢታንያ ፊቷን አየች። ነጠላዋ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነበር፤ አውርዳ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ለቅሶ ዘቅዝቃ ለበሰችው።

ጋሽ ያፌት ግን እንደ ሊቀመንበርነታቸው ተከራከሩ። አቶ ዮአብ አጠገባቸው ቆመው ነበር።

«የአጎትሽ ልጅ ሌሊቱን ይገባል» አሉ። «ነገ ጎህ ሲቀድ ልናረዳሽ ነበር። ዘመድ ሳይኖር አይሆንም፣ ሐሴት።»

«ዘመዱ እኔ ነኝ» አለች። «ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

«በዚህ በጠራራ ፀሐይ መርዶ አይነገርም። ወግ አለው።»

«ነግቷል፣ ጋሽ ያፌት። እኔ አንግቼዋለሁ። ይምጡ።»

መጡ። ሦስቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጉልበታቸው ላይ ተንጋሏል፤ ታች ሜዳው ላይ ሰዎች ኳስ እየተጫወቱ ይጯጯሃሉ። ሐሴት ማብሪያውን ተጫነችው።

ኮምፒውተሩ በስድስት ሰከንድ ተነሳ። አላቃሰተ፣ አልተንቀጠቀጠ፤ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ ይመስል ነበር። «እንደምን አደራችሁ» አለ፣ ሙሉውን። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ። ጨዋ ሰዎች ናቸው።

«ወይዘሮ ሐሴት፣ ይበርቱ» አለ ኮምፒውተሩ። «ወንድምዎ አቶ ኪሩቤል ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሥራቸው ቦታ ሙቀት አሸንፏቸው ዐርፈዋል። የቦታው ሙቀት አስከሬን ስለማያቆይ ማክሰኞ እዚያው ተቀብረዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ቢታንያ ደረቷን መታች። ጋሽ ያፌት ራሳቸውን ደፉ። ሦስቱም እሷ እንድትጀምር ይጠብቁ ነበር፤ የኀዘኑ ባለቤት ሳትጮህ ጎረቤት አይጮህም።

ሐሴት አልጮኸችም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«በስንት ሰዓት አልክ?»

«ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ከዚያ በፊት፣ ጠዋት «ና» ልለው ብደውል አገኘው ነበር?»

ለኮምፒውተሩ አንዱም ደንብ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ጨዋ መልስ አልሰጠውም። ቢታንያ ተነስታ ልትይዛት እጇን ዘረጋች።

«ተዪኝ» አለች ሐሴት። «መልስ፤ ሰኞ ጠዋት ምን ሆነህ ነበር?»

«ሰኞ ቀኑን ሙሉ ደህና ነበርኩ» አለ።

እሱን እውነቱን ነው።